ካርቦሃይድሬት ቀንሶ ክብደት መቀነስ፦ ከዝግጅቱ እስከ ዘላቂው አመጋገብ

ካርቦሃይድሬት መቀነስ ሲባል ብዙ ሰው ዳቦውን፣ ሩዙንና ፓስታውን ከሳህኑ ማንሳት ብቻ ይመስለዋል። በቦታው ምን እንደሚተካ ሳያስብ ይጀምራል። በሦስተኛው ቀን ራሱን ያመዋል፣ ጉልበቱ ይከዳዋል፤ ሳምንቱ ሳያልቅ ያገኘውን ጣፋጭ ሁሉ ይበላና "ይህ አመጋገብ ለእኔ አይሆንም" ብሎ ይተወዋል። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የአጀማመሩ ነው፤ ፕሮቲኑ አንሷል፣ ጨው ጎድሏል፣ ወይም የካርቦሃይድሬቱ መጠን ያለ በቂ ምክንያት እጅግ ዝቅ ብሏል።

ይህ መመሪያ በአንድ ሐሳብ ላይ ይቆማል። ካርቦሃይድሬት መቀነስ ክብደት የሚቀንሰው በዋናነት ረሃብን ስለሚያበርድ ነው። ረሃቡ የበረደለት ሰው ራሱን ሳያስጨንቅ ከበፊቱ ያነሰ ይበላል። ረሃብ እየሞረሞረው የሚጾም ግን የፈለገውን ያህል ቢጠነቀቅ አይዘልቅበትም። ስለዚህ ከታች ያለው እያንዳንዱ እርምጃ የሚመዘነው "ያጠግባል ወይ?" በሚለው ጥያቄ ነው።

ሰውነት ውስጥ ምን ይሆናል?

ካርቦሃይድሬት በሦስት መልክ ይመጣል፦ ስኳር፣ ስታርች (በእህልና በድንች ውስጥ የሚበዛው) እና አሰር። ስኳርና ስታርች ተፈጭተው በአብዛኛው ግሉኮስ ሆነው ወደ ደም ይገባሉ። አሰር፣ ብዙዎች ፋይበር የሚሉት፣ አብዛኛው ሳይፈጭ ያልፋል፤ ለዚህም ነው ሆድ እየሞላ የደም ስኳርን እምብዛም የማይጨምረው። በደም ውስጥ ያለው ግሉኮስ ሲጨምር ቆሽት ኢንሱሊን ያመነጫል። ኢንሱሊን ግሉኮሱን ወደ ጡንቻና ወደ ጉበት ያስገባል፤ በዚያው ልክ የተከማቸው ስብ እንዳይለቀቅ ይይዘዋል። ካርቦሃይድሬት ሲያንስ ኢንሱሊን ዝቅ ይላል፣ ስብም ከማከማቻው በቀላሉ ይወጣል።

ይህ ማለት ግን የሚበላው መጠን ለውጥ አያመጣም ማለት አይደለም። ሰውነት በመጀመሪያ የሚያቃጥለው ሳህን ላይ የመጣለትን ቅባት ነው፤ የራሱን ክምችት የሚነካው የመጣለት ሲያንሰው ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የወጣ፣ 609 አዋቂዎችን ለ12 ወራት የተከታተለ ጥናት ይህን በግልጽ አሳይቷል። ቅባት የቀነሱት በአማካይ 5.3 ኪሎ፣ ካርቦሃይድሬት የቀነሱት ደግሞ 6.0 ኪሎ ቀነሱ፤ ልዩነቱ ሚዛን የሚደፋ አልነበረም። ሁለቱም ወገኖች አትክልት እንዲያበዙ፣ ስኳርና የተፈተገ ዱቄት እንዲቀንሱ ተመክረው ነበር። እንግዲህ ካርቦሃይድሬት መቀነስ ተአምር አይደለም። ለብዙ ሰው የሚመረጠው ጥጋቡ ስለሚቆይለት ነው፤ የማይቆይለት ሰው ሌላ መንገድ ቢይዝ ምንም አያጣም።

ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ። ጉበት ወደ 100 ግራም፣ ጡንቻዎች ደግሞ ወደ 400 ግራም ግሉኮስ ግላይኮጅን በሚባል መልክ ያከማቻሉ። እያንዳንዱ ግራም ግላይኮጅን 3 ግራም ያህል ውሃ ይዞ ይቀመጣል። ካርቦሃይድሬት ሲቀንስ ግላይኮጅኑ ይጎድላል፣ ውሃውም አብሮት ይወጣል። በመጀመሪያው ሳምንት ሚዛን ላይ የሚታየው ከ1 እስከ 3 ኪሎ ቅናሽ በአብዛኛው ይህ ውሃ ነው። ከአንድ የድግስ ቀን በኋላ በአንድ ሌሊት የሚመለሰው ኪሎም ያው ውሃ እንጂ ስብ አይደለም።

ሐኪም ሳያማክሩ የማይጀምሩ ሰዎች

ይህን ክፍል "እኔን አይመለከተኝም" ብሎ መዝለል አደገኛ ነው፤ ቀጥሎ ካሉት አንዱ ካለብዎት መጀመሪያ ሐኪምዎን ያነጋግሩ።

ለስኳር ሕመም ኢንሱሊን የሚወጉ፣ ወይም እንደ ግሊቤንክላሚድና ግሊመፒራይድ ያሉ እንክብሎችን የሚወስዱ ሰዎች የመድኃኒቱ መጠን ሳይስተካከል ካርቦሃይድሬት ቢቀንሱ የደም ስኳራቸው በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ ይችላል። የመድኃኒቱ ቅናሽ አመጋገቡ ከሚጀመርበት ቀን ጋር አብሮ መታቀድ አለበት። እንደ ኢምፓግሊፍሎዚንና ዳፓግሊፍሎዚን ያሉትን የስኳር መድኃኒቶች የሚወስዱ ደግሞ ሌላ አደጋ አለባቸው፤ የደም ስኳራቸው ብዙም ሳይጨምር ደማቸው በኬቶን፣ ማለትም ስብ ሲቃጠል ጉበት በሚያመርተው አሲድ፣ ሊመረዝ ይችላል። የማያቋርጥ ማቅለሽለሽ፣ ማስመለስ፣ የሆድ ሕመምና ፈጣን ትንፋሽ የዚህ ምልክቶች ናቸው፤ ከታዩ ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ሕክምና መሄድ ያስፈልጋል። ዓይነት 1 የስኳር ሕመም ያለበት ሰውም ያለ ሐኪም ክትትል አይጀምር።

የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ግፊታቸው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሊወርድባቸው ስለሚችል በቤት መለካት አለባቸው፤ ከተቀመጡበት ሲነሱ ማዞር ካለ መድኃኒቱ መከለስ ይኖርበታል። የደም መርጋትን የሚከላከለውን ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ቅጠላ ቅጠል በድንገት ቢያበዛ ቫይታሚን ኬ መድኃኒቱን ያዳክምበታል። ነፍሰ ጡሮችና የሚያጠቡ እናቶች፣ የኩላሊት ወይም የከባድ ጉበት ሕመም ያለባቸው፣ የቆሽት ብግነት ወይም የሐሞት ጠጠር የነበረባቸው፣ ሪህ የሚነሣባቸው፣ ከምግብ ጋር የተያያዘ የአእምሮ ጤና ችግር ያሳለፉ ሰዎችም ብቻቸውን አይጀምሩ።

እርምጃ 1፦ መነሻዎን ይለኩ

ክብደትዎን ጠዋት፣ ከመጸዳጃ ቤት መልስ፣ ምግብና ውሃ ከመቅመስዎ በፊት ይመዘኑ። የወገብ ዙሪያዎን በመጨረሻው የጎድን አጥንትና በዳሌ አጥንት ጫፍ መካከል፣ ትንፋሽ በቀስታ ካስወጡ በኋላ፣ ሜትሩን ሳያጠብቁ ይለኩ። የወገብ ዙሪያ ከቁመት ግማሽ ሲበልጥ የልብና የስኳር ሕመም ስጋት ይጨምራል፤ ቁመቱ 170 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሰው 85 ሴንቲ ሜትርን እንደ ድንበር ይያዝ። ከተቻለ የደም ምርመራም ያድርጉ፦ የሦስት ወሩን አማካይ የደም ስኳር፣ የኮሌስትሮል ዓይነቶችን፣ የኩላሊትና የጉበት ሥራን። እነዚህ በእጅ ካልተያዙ ከሦስት ወር በኋላ አመጋገቡ የጠቀመውንና የጎዳውን መለየት አይቻልም።

ግብዎን በመጀመሪያ ከክብደትዎ 5 በመቶ ላይ ያድርጉት። 90 ኪሎ ለሆነ ሰው ይህ 4.5 ኪሎ ነው። ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ከ5 እስከ 10 በመቶ መቀነስ ብቻውን የደም ግፊትንና የደም ስኳርን በሚታይ መጠን ያሻሽላል።

እርምጃ 2፦ የካርቦሃይድሬት ልክዎን ይምረጡ

በቀን 2,000 ካሎሪ የሚበላ ሰው በተለመደው ምክር መሠረት ከ225 እስከ 325 ግራም ካርቦሃይድሬት ይወስዳል። ከ130 ግራም በታች ሲሆን ዝቅተኛ ይባላል። ከ50 ግራም በታች ሲወርድ ሰውነት ኬቶን ወደ ማምረት ይገባል፤ ይህ አመጋገብ እ.ኤ.አ. ከ1920ዎቹ ጀምሮ ለሚጥል በሽታ ሕክምና ሲያገለግል የኖረ ነው።

ለአብዛኛው ሰው የምንመክረው በቀን ከ60 እስከ 100 ግራም ነው። በዚህ መጠን ምስር፣ ፍራፍሬና ትንሽ ድንች ቦታ ያገኛሉ፤ ከቤተሰብ ጋር አንድ ገበታ ላይ መቅረብም ይቻላል። ከ50 በታች የሚወርድ ሰው መጀመሪያ ላይ ረሃቡ በይበልጥ ሊጠፋለት ይችላል፤ ሆኖም አንድ ሙዝ የቀኑን ግማሽ ድርሻ ይወስድበታል፣ ጨውና ውሃ በብዙ ያጣል፣ ሲያቋርጥም ሚዛኑ በፍጥነት ይመለሳል። ብዙ የሚንቀሳቀስ ወይም ከባድ የጉልበት ሥራ የሚሠራ ሰው ከ100 እስከ 130 ይሞክር። ሥጋና እንቁላል የማይበላ ሰውም እንዲሁ፤ የፕሮቲኑ ምንጭ የሆኑት ጥራጥሬዎች ካርቦሃይድሬት ይዘው ስለሚመጡ።

የምንቆጥረው የተጣራውን፣ ማለትም ከጠቅላላው ካርቦሃይድሬት አሰሩ የተቀነሰለትን ነው። በፋብሪካ ምግብ ላይ አንድ የሚያሳስት ነገር አለ፤ በአውሮፓ መለያዎች ላይ የተጻፈው የካርቦሃይድሬት ቁጥር አሰሩን አስቀድሞ ያወጣ ነው፤ በአሜሪካ መለያዎች ላይ ግን አሰሩ በውስጡ ስላለ እርስዎ ራስዎ ይቀንሱታል። ሁለቴ የቀነሰ ሰው የሚበላውን አሳንሶ ይቆጥራል።

እርምጃ 3፦ ቁጥሮቹን በዓይን ይልመዱ

ዕድሜ ልክ ምግብ መመዘን አያስፈልግም። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ግን በኩሽና ሚዛን ይመዝኑ፤ ከዚያ በኋላ ዓይን ይለምዳል። የተጣራ ካርቦሃይድሬታቸው በግምት እንዲህ ነው፦

አንድ ኩባያ የተቀቀለ ሩዝ፦ 45 ግራም
አንድ ኩባያ የተቀቀለ ፓስታ፦ 40 ግራም
አንድ መካከለኛ የተቀቀለ ድንች (150 ግራም)፦ 27 ግራም
አንድ ቁራጭ ዳቦ (30 ግራም)፦ 14 ግራም
ግማሽ ኩባያ የተቀቀለ ምስር (100 ግራም)፦ 12 ግራም
አንድ ሙዝ፦ 24፣ አንድ ፖም፦ 21፣ አንድ ብርቱካን፦ 13፣ 100 ግራም እንጆሪ፦ 6 ግራም
250 ሚሊ ሊትር ወተት፦ 12 ግራም
330 ሚሊ ሊትር ለስላሳ መጠጥ፦ 35 ግራም
250 ሚሊ ሊትር የብርቱካን ጭማቂ፦ 25 ግራም
አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር፦ 17፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር፦ 4 ግራም
100 ግራም ካሮት ወይም ሽንኩርት፦ 7 ግራም
100 ግራም ቲማቲም፣ ኪያር፣ ጥቅል ጎመን፣ አበባ ጎመን፣ ዝኩኒ ወይም ቆስጣ፦ ከ2 እስከ 4 ግራም
ግማሽ አቮካዶ፦ 2 ግራም
30 ግራም ኦቾሎኒ፦ 2 ወይም 3፣ 30 ግራም ካሹ፦ 8 ግራም

እንቁላል፣ ሥጋ፣ ዶሮና ዓሣ ምንም ወይም ከ1 ግራም በታች ነው። አይብም እንደ ዓይነቱ ዝቅተኛ ነው።

ከዚህ ዝርዝር ውስጥ ከሁሉ በፊት የሚቀነሰው ፈሳሹ ነው። በቀን ሁለት ለስላሳና አራት ስኳር የገባበት ሻይ የሚጠጣ ሰው፣ ሻዩ በሁለት ማንኪያ ስኳር ከሆነ፣ ከ100 ግራም በላይ ስኳር ሳይጠግብበት ይወስዳል። ሌላ ምንም ሳይነካ ይህን ብቻ ያቆመ ሰው የመንገዱን ትልቅ ክፍል ተጉዟል። ስኳሩን በአንድ ቀን ማቆም ከከበደ በየአራት ቀኑ ግማሽ ማንኪያ ይቀንሱ፤ ምላስ በሁለት ወይም በሦስት ሳምንት ውስጥ ይለምዳል።

እርምጃ 4፦ ሳህኑን ከፕሮቲን ይጀምሩ

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ መጀመሪያ ፕሮቲን፣ ቀጥሎ አትክልት፣ ቀጥሎ የተፈቀደው ካርቦሃይድሬት፣ በመጨረሻ ቅባት። ቅባቱን መጨረሻ ላይ ያደረግነው ሆን ብለን ነው። "ካርቦሃይድሬት እስከቀነስክ ድረስ ቅባት እንደልብህ ብላ" የሚለው ምክር ብዙ ሰው ለወራት ሚዛኑ አልንቀሳቀስ እንዲለው ያደርጋል። ቅባት በግራም 9 ካሎሪ አለው፤ ፕሮቲንና ካርቦሃይድሬት 4 ብቻ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ነው፤ ከጠርሙሱ አፍ የሚንቆረቆረው ዘይት ደግሞ ሳይለካ ሦስት ማንኪያ ሊሆን ይችላል። ቅባት ምግብ እስኪጣፍጥና እስኪያጠግብ ይግባ፣ ግን በማንኪያ ይለካ።

የፕሮቲኑ መጠን፦ ሊደርሱበት ለሚፈልጉት ክብደት ለእያንዳንዱ ኪሎ ከ1.2 እስከ 1.6 ግራም። ግብዎ 70 ኪሎ ከሆነ በቀን ከ84 እስከ 112 ግራም ይሆናል። ይህን በሦስት ማዕድ ሲከፍሉት በየማዕዱ 30 ግራም ያህል ነው። 30 ግራም ፕሮቲን ማለት 100 ግራም የበሰለ የዶሮ ፍርምባ፣ 120 ግራም የበሰለ የበሬ ሥጋ፣ 140 ግራም ያህል የበሰለ ዓሣ፣ ወይም 5 እንቁላል ነው። እንቁላሉ ከበዛብዎ 3 እንቁላል ከ30 ግራም ጠንካራ አይብ ጋር ወደ 25 ግራም ያደርሳል። ብዙ ሰው የሚያጎድለው በቁርስ ላይ ነው፤ ቁርሱ ሻይ ብቻ የሆነ ሰው ከሰዓት በኋላ የሚመጣበትን ረሃብ በፈቃድ ጥንካሬ ሊያሸንፈው ይቸገራል።

ፕሮቲን የሚያስፈልገው ለጥጋብ ብቻ አይደለም። ሰው ሲከሳ ከስብ ጋር ጡንቻም ይጠፋል፤ በቂ ፕሮቲንና በሳምንት ሁለት ጊዜ ክብደት የማንሳት ወይም የራስን ክብደት የሚጠቀም እንቅስቃሴ ጡንቻውን ያተርፋሉ።

አትክልቱ በየማዕዱ ከ150 እስከ 250 ግራም ይሁን፤ ጥሬም ሆነ የበሰለ። ሳህኑ ግማሽ በአትክልት ሲሸፈን መጠኑ ይሞላል። የአንድ ቀን ምሳሌ ይኸው፦

ቁርስ፦ በአንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት የተጠበሰ 3 እንቁላል፣ 100 ግራም ቆስጣ፣ 30 ግራም አይብ፣ ግማሽ አቮካዶ።
ምሳ፦ 120 ግራም የበሰለ ዶሮ፣ ከቲማቲም፣ ከኪያርና ከሰላጣ ቅጠል የተሠራ 250 ግራም ሰላጣ በአንድ የሾርባ ማንኪያ የወይራ ዘይት፣ ግማሽ ኩባያ የተቀቀለ ምስር።
እራት፦ 130 ግራም የበሰለ ዓሣ፣ 200 ግራም አበባ ጎመንና 100 ግራም ካሮት በአንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ 100 ግራም የተቀቀለ ድንች።
መክሰስ፣ ከራበ ብቻ፦ 150 ግራም ያልጣፈጠ እርጎ ከ100 ግራም እንጆሪ ጋር።

ይህ ወደ 70 ግራም የተጣራ ካርቦሃይድሬት፣ ከ110 ግራም በላይ ፕሮቲን፣ ከ25 ግራም በላይ አሰርና ከ1,600 እስከ 1,700 ካሎሪ ይሰጣል። ቁመተ ረጅም ወይም ብዙ የሚንቀሳቀስ ሰው ፕሮቲኑንና አትክልቱን ይጨምር።

እርምጃ 5፦ የመጀመሪያው ሳምንት

ከሁለተኛው እስከ ሰባተኛው ቀን ባለው ጊዜ ራስ ምታት፣ ድካም፣ ብስጭት፣ ማዞርና የባት ቁርጠት ሊመጡ ይችላሉ። ምክንያቱ በአብዛኛው ጨውና ውሃ ነው። ኢንሱሊን ሲወርድ ኩላሊት ሶዲየምን በብዛት ያስወጣል፣ ውሃም ይከተለዋል። በዚህ ላይ የታሸገ ምግብና ዳቦ ሲቀር አብሯቸው የሚገባው ጨው ይቀራል። ሰውየው ደግሞ "ጤናማ ልሁን" ብሎ የምግቡን ጨው ጭምር ይቀንሳል። ሦስቱ ሲደራረቡ ራስ ምታቱ የግድ ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። የደም ግፊት፣ የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም የሌለበት ሰው ለመጀመሪያው ሳምንት በቀን አንድ ወይም ሁለት ኩባያ የሥጋ ወይም የአትክልት መረቅ ይጠጣ፤ በጠቅላላው ግማሽ የሻይ ማንኪያ ያህል ጨው የገባበት። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው 3 ግራም ያህል ነው፣ 1,150 ሚሊ ግራም ገደማ ሶዲየም ይይዛል። ብዙ ሰው ጨው ከገባለት ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ቀለል ይለዋል። ካልቀለለ፣ ወይም የልብ ምት ከተዛባ፣ ነገሩ ጨው ብቻ ላይሆን ይችላልና ይታከሙ። ውሃ በጥማትዎ ልክ ይጠጡ፤ ያለ ጨው ውሃ ብቻ ማብዛት የቀረውን ሶዲየም ያሳሳዋል። ለቁርጠቱ አቮካዶ፣ ቆስጣ፣ ለውዝና የዱባ ፍሬ ፖታሲየምና ማግኒዚየም ይሰጣሉ።

በዚህ ሳምንት ከባድ ስፖርት አይጀምሩ። ከምግብ በኋላ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ መራመድ በቂ ነው፤ ከማዕድ በኋላ የሚወጣውን የደም ስኳርም ያለዝባል። አጀማመሩም ሥራ በማይበዛበት ሳምንት ቢሆን ይመረጣል። ከቤት ውስጥ ለእርስዎ ፈተና የሆነውን ብስኩትና ጣፋጭ ከዓይን ያርቁ፤ አብረውዎት የሚኖሩ ሰዎች የሚበሉት ከሆነ ቢያንስ በተዘጋ ቁም ሣጥን ውስጥ ይሁን።

እርምጃ 6፦ ከሁለተኛው ሳምንት እስከ ሦስተኛው ወር

ከመጀመሪያው ሳምንት በኋላ በሳምንት ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ መቀነስ ጥሩ ፍጥነት ነው። ለተከታታይ ሳምንታት ከ1.5 ኪሎ በላይ ከቀነሱ የሐሞት ጠጠርና የጡንቻ መጥፋት ስጋት ይጨምራል፤ ያን ጊዜ ምግብ ይጨምሩ። በየቀኑ የሚመዘኑ ከሆነ የሰባቱን ቀን አማካይ ካለፈው ሳምንት አማካይ ጋር ያነጻጽሩ። አንዲት ቀን ምንም አትናገርም፤ ጨዋማ እራት፣ የሆድ ድርቀት፣ የወር አበባ ወይም ያልተለመደ እንቅስቃሴ ከ1 እስከ 2 ኪሎ ውሃ ሊያወጣና ሊያወርድ ይችላል።

በዚህ ወቅት ጤናው የሚሻሻልበትን ምልክት ከሚዛን ውጭ ይፈልጉ። ከምሳ በኋላ የሚመጣው እንቅልፍ ይቀንሳል፣ በማዕድ መካከል መንቀጥቀጥና ብስጭት ይጠፋል፣ ቀበቶ ይላላል። ትራይግሊሰራይድ የሚባለው በደም ውስጥ ያለ ስብም ብዙውን ጊዜ ይወርዳል። እንቅልፍን ቸል አይበሉ፤ ሌሊቱን ለአምስት ሰዓታት ብቻ የተኛ ሰው በማግሥቱ ጣፋጭና ዱቄት ያምረዋል፤ ለሰባት ሰዓታት መተኛት ከብዙ የምግብ ሕግ ይበልጣል። እንቅስቃሴውን ቀስ በቀስ በሳምንት ወደ 150 ደቂቃ ፈጣን እርምጃ ያሳድጉት።

የሚበላሹ ነገሮችና ምክንያታቸው

ሚዛኑ ቆመ። ሦስት ወይም አራት ሳምንት ሙሉ አማካዩም ወገቡም ካልተነቃነቁ ብቻ ቆሟል እንላለን። ያን ጊዜ ለአምስት ቀን እንደገና ምግቡን ይመዝኑ። ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ጥፋተኛ ካርቦሃይድሬት አይደለም፤ በእጅ እየተዘገነ የሚበላ ኦቾሎኒ (30 ግራሙ 170 ካሎሪ ነው)፣ የአይብ ቁራጭ፣ ክሬም የበዛበት ቡና፣ ያልተለካ ዘይት ነው። ሌላው ምክንያት የሰውነቱ መቅለል ራሱ ነው። 10 ኪሎ የቀነሰ ሰው በየቀኑ የሚያቃጥለው ካሎሪ ከበፊቱ ያነሰ ነው፤ በመጀመሪያው ወር ያከሳው ሳህን አሁን ባለበት ያቆየዋል። ከእራት ላይ አንድ ማንኪያ ዘይትና ከመክሰሱ ለውዙን ማንሳት ብዙ ጊዜ ይበቃል።

የሆድ ድርቀት። ዳቦና ጥራጥሬ ሲቀር አሰሩ ይቀራል። በቀን ከ25 እስከ 30 ግራም አሰር ይፈልጉ፤ ምስር፣ አቮካዶ፣ ጥቅል ጎመን፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ ከውሃ ጋር። አሰር ሲጨምሩ ውሃውም ይጨምር፤ ያለዚያ ድርቀቱ ይብሳል።

የአፍ ሽታ። ከ50 ግራም በታች የሚወርድ ሰው ትንፋሹ አሴቶን (የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ) ሊሸት ይችላል። በሳምንታት ውስጥ ይቀንሳል፤ ካስቸገረ ከ20 እስከ 30 ግራም ካርቦሃይድሬት መጨመር ያስወግደዋል።

መጥፎው ኮሌስትሮል ከፍ አለ። ይህን አቅልሎ ማየት አይገባም፤ በአንዳንድ ሰዎች ላይ ክብደታቸው እየቀነሰ እንኳ በብዙ ይወጣል። ከሦስት ወር በኋላ የደም ምርመራውን መድገም የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። ከወጣ ቅቤን፣ የኮኮናት ዘይትንና የሰባ ሥጋን በወይራ ዘይት፣ በዓሣ፣ በለውዝና በአቮካዶ ይተኩ፣ ምስርና ፍራፍሬ በመጨመር ካርቦሃይድሬቱን ወደ 100 ግራም ከፍ ያድርጉ፣ ከሁለት ወይም ከሦስት ወር በኋላ እንደገና ይመርመሩ። ያኔም ካልወረደ ሐኪምዎ ይወስን።

"ስኳር የለውም" የሚል ምግብ። ብዙዎቹ ማልቲቶል የሚባል ማጣፈጫ ይገባባቸዋል፤ እሱ የደም ስኳርን በከፊል ይጨምራል፣ ሲበዛም ሆድ ይነፋል፣ ያስቀምጣልም። በመለያው ላይ ማልቶዴክስትሪን፣ ዴክስትሮስ፣ የግሉኮስ ሽሮፕ ወይም የተሻሻለ ስታርች የሚል ከታየ ካርቦሃይድሬት በሌላ ስም ገብቷል። በተለይ የታሸጉ ስጎዎችን፣ ቋሊማዎችንና ጣዕም ያላቸውን እርጎዎች ይመርምሩ።

አልኮል። በግራም 7 ካሎሪ ነው፤ ጉበት እሱን ሲያቃጥል ስብ ማቃጠሉን ያዘገያል። ካርቦሃይድሬት የቀነሰ ሰው ብዙውን ጊዜ ከበፊቱ በቶሎ ይሰክራል፤ የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ ደግሞ የደም ስኳሩ ሌሊት ሊወርድበት ይችላል።

ከቤት ውጭ ሲበሉ ፕሮቲኑን መርጠው የድንች ጥብሱን ወይም ሩዙን በአትክልት እንዲቀይሩልዎ ይጠይቁ፣ ስጎውን ለብቻው ያስቀርቡ። ድግስ ላይ አስቀድመው አንድ ነገር ይምረጡ፤ ኬክም ሩዝም ዳቦም ሳይሆን ከሦስቱ አንዱን። ካለፈም አለፈ፤ ቀጣዩ ማዕድ ወደ ተለመደው ይመለሳል፣ የሚጾም ወይም የሚቀጣ ነገር የለም። በማግሥቱ በሚዛን ላይ የሚታየው ጭማሪ በሦስት ወይም በአራት ቀን ይወርዳል።

እርምጃ 7፦ ግቡ ጋ ሲደርሱ

ክብደቱ የሚመለሰው በአብዛኛው እዚህ ላይ ነው፤ ሰው "ጨረስኩ" ብሎ ወደ ድሮው ሳህን በአንዴ ይመለሳልና። የሚሠራው መንገድ ዝግ ያለው ነው። በየሳምንቱ የቀኑን ካርቦሃይድሬት በ10 ግራም ያሳድጉ። መጀመሪያ ምስርና ሌላ ጥራጥሬ፣ ቀጥሎ ፍራፍሬ፣ ቀጥሎ ድንችና ያልተፈተገ እህል ይመለስ፤ ለስላሳ መጠጥና ጭማቂ በየቀኑ የሚጠጡ ነገሮች ሆነው አይመለሱ። በእያንዳንዱ ጭማሪ የሳምንቱን አማካይ ክብደትና የረሃቡን ሁኔታ ይዩ። ለሁለት ተከታታይ ሳምንታት ክብደቱ ከጨመረ ወይም የከሰዓቱ ረሃብ ከተመለሰ በ10 ወይም በ20 ግራም ወደ ኋላ ይመለሱና እዚያው ይቆዩ። ለአንዱ 90 ግራም፣ ለሌላው 150 ሊሆን ይችላል። የፕሮቲኑ መጠን ግን አይቀነስ።

ከዚያ በኋላ በሳምንት አንድ ቀን ይመዘኑ። ከግብዎ በላይ የ2 ኪሎ ድንበር ያብጁ፤ ድንበሩ ታልፎ ለሁለት ሳምንት ከቆየ የእርምጃ 4ን የቀን ምሳሌ ለሦስት ሳምንት መልሰው ይያዙት። የደም ምርመራውን በዓመት አንድ ጊዜ፣ የስኳር ወይም የኮሌስትሮል ችግር ካለ ደግሞ ሐኪምዎ ባለው ጊዜ ይድገሙ።